ዲኤንኤ ያልኩ ዕለት እድሩ ተበተነ

የሴቶች እድር ፊት ቆሜ «ዲኤንኤ» የምትለዋ ቃል ከአፌ ስትወጣ... ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ።

እሁድ ከሰዓት ነው፣ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈራችን። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የጡት ካንሰርን ገና ሲጀምር በደም ምርመራ ማወቅ ይቻል እንደሆነ የሚያጠና ቡድን ውስጥ እሠራለሁ። ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ሴቶች ደም ያስፈልገናል። አከራዬ እትዬ ዘነበች የእድሩ ሰብሳቢ ስለሆኑ «ነይና ራስሽ አስረጃቸው» አሉኝ። ሄድኩላችሁ።

ተዘጋጅቼበታለሁ እኮ! «ጂኖቻችን ላይ የምትለጠፍ ትንሽዬ ኬሚካል አለች፤ መለጠፏን ሜቲሌሽን እንለዋለን። ካንሰር ሲጀምር እኛን የሚጠብቁን ጂኖች ላይ ትለጠፍና ዝም ታሰኛቸዋለች። የካንሰሩ ዕጢ የዲኤንኤ ቁርጥራጭ ደም ውስጥ ይገባል፤ እኛ እሱን ነው የምንፈልገው...»

ከዚህ ሁሉ የሰሙት አንዷን ቃል ብቻ ነው።

«ዲኤንኤ? ያ የልጅ አባት የሚለዩበት?» አሉ አንዲት እናት ነጠላቸውን እየሰበሰቡ።

«አይ፣ እሱ ሌላ...»

«እኔ ልጆቼን አሳድጌ ድሬያለሁ! አሁን ምን አስነካካኝ!»

ሳቁ ፈነዳ። አንዷ ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት ብላ ተነሳች፣ ሌላዋ ተከተለቻት። ከሁሉም ቀድመው የወጡት ግን እትዬ ሙሉ ናቸው። መሃል ከተማ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ሰው ሲስቅ መሃሉ የማይጠፉ ሴት... ያን ቀን ፈገግ እንኳ አላሉም።

ሰፈር ደግሞ ታውቁታላችሁ። በማግስቱ ወሬው ከባጃጅ ፈጠነ። «የሙሉ የመጨረሻ ልጅ የባሏ የጋሽ ታደሰ አይደለም አሉ!» ደም ልሰበስብ ወጥቼ ትዳር ላፈርስ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ከቀናት በኋላ እትዬ ሙሉ ራሳቸው ቤቴ መጡ። ልሰደብ ነው ብዬ በር ላይ ይቅርታዬን ጀመርኩ። እሳቸው በሩን ዘጉና ተቀመጡ።

«ወሬውን ተዪው። ታደሰም ሰምቶ ሲስቅ ነው የዋለው። ልጁ ቁርጥ እሱን ነው፣ ሲያንኮራፉ እንኳ አይለዩም።»

«ታዲያ ለምን ጥለው ወጡ?»

እጃቸውን በግራ ጡታቸው ጎን አሳረፉ።

«ካንሰር ስትዪ ነው የወጣሁት። እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ... ከጥምቀት ወዲህ። ለታደሰም አልነገርኩትም። ሰው ይሄን ከሚያወራ ስለ ልጄ አባት ቢያማኝ ይሻለኛል።»



ከከተማው ወጣ ብላ ቡሹሎ የምትባል ሰፈር ትኖር የነበረች ታላቅ እህታቸው እንዲሁ ደብቃ ደብቃ፣ ሲጠናባት ሆስፒታል ገብታ፣ ቀዶ ጥገና ተደርጋ ብዙም ሳትቆይ ነው የሞተችው። «ካንሰር የሐኪም ብረት ሲነካው ነው የሚበተነው» ይላሉ እትዬ ሙሉ። እንዲህ ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።

«ያንቺ ግን መርፌ ብቻ ነው አይደል? በይ ቅጂና ንገሪኝ።»

ብቀዳላቸው ቀለል ብሏቸው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ያስፈራኝም እሱ ነው።

«እትዬ ሙሉ፣ የኛ ገና ጥናት ነው። አለ ብልዎትም የለም ብልዎትም ውሸት ይሆንብኛል። ሆስፒታል እንሂድ።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ስትሠሪ ከረምሽ?» ብለው አፈጠጡብኝ።

«እህትዎን የወሰዳቸው ብረቱ ሳይሆን መዘግየቱ ቢሆንስ?» ብቻ አልኩ።

አለቀሱ። እኔም አላስቻለኝም። በመጨረሻ «ለታደሰ አንቺ ንገሪልኝ» አሉ።

ማታውኑ ነገርኳቸው፤ በማግስቱ ሦስታችንም ሆስፒታል ሄድን። ጋሽ ታደሰ የሚስታቸውን የእጅ ቦርሳ ደረታቸው ላይ አቅፈው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ፤ ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። እትዬ ሙሉ በአልትራሳውንድ ታዩ፣ ከእብጠቱ ናሙና ተወሰደ፣ ቀጠሮ ተያዘ። ውጤቱ ሲመጣ... ካንሰር ነው። ግን ትንሽ ነው፣ ብብት ድረስ አልዘለቀም።

«በጊዜ መጥተዋል» አለች ሐኪሟ።

«እስቲ ድገሚው ልጄ» አሏት ጋሽ ታደሰ።

እትዬ ሙሉ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፣ መድኃኒትም ጀመሩ። ባለፈው እሁድ ደግሞ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው እድሩ መሃል ቆሙ።

«ዕጢ ነበረብኝ፣ ተቆርጦ ወጣ። ብረት ነክቶኝ ይኸው አለሁ። አሁን እያንዳንድሽ ቤትሽ ግቢና ጡትሽን ዳስሺ። የሆነ ነገር ያገኘች ነገ ከኔ ጋር ትሄዳለች!»

ማንም አልሳቀም። ስብሰባው ሲያልቅ ሁለት ሴቶች ቀስ ብለው ተጠጉ... ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሳቸው።

የኛ የደም ምርመራ ቀድሞ ለመድረስ ገና እየተፍጨረጨረ ነው... እትዬ ሙሉ ግን ቀደሙን።