ሕጉ ያላዘዘኝ ስብከት

ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የነዳጅ ማደያ ሱቅ በካሸርነት ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ እንግሊዝኛውንም መዝገበ ቃላት ይዤ ራሴን አስተማርኩ። ባንኮኒው ላይ የተለጠፈውን የትምባሆ ሕግ ቃል በቃል አንብቤ ለመጨረስ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ሲጋራም ሆነ ቬፕ የሚሉት የኤሌክትሪክ ሲጋራ ሃያ አንድ ዓመት ላልሞላው አይሸጥም። ደስ አለኝ። ልጆቼን ስመክርበት የኖርኩትን ነገር መንግሥትም ደገፈልኝ አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቸርቻችን ሽማግሌ ልጅ መጣች። ከአባቷ ጋር በዲቪ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ኤርፖርት እየሠራች የቤት ኪራይ የምትከፍለው፣ እግራቸውን የሚያማቸውን አባቷንም ሐኪም ቤት የምታመላልሰው እሷ ናት።

«ጋሼ፣ አንድ ፓኮ ሲጋራ ይስጡኝ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አይዲሽን አሳዪኝ።»

ሃያ ዓመት ከአራት ወር። አይዲዋን ባንኮኒው ላይ መለስኩላት።

«ለእኔ እኮ አይደለም። አባዬ ነው የላከኝ፤ እግሩን አሞታል።»

«ሕጉ አይፈቅድም» ብዬ ብሸኛት ይበቃ ነበር። እኔ ግን በጸሎት የሚመሩንን ሰው አጫሽ አደረገቻቸው ብዬ ደሜ ፈላ።

«አታፍሪም? በአባትሽ ታሳብቢያለሽ? ገና በመጣሽ በሁለት ዓመትሽ!»

ጮኼ ነበር። ከኋላዋ የተሰለፉ ሁለት የቸርች እህቶች ሰሙ፤ አንደኛዋ ከንፈሯን መጠጠች። ልጅቷ አይዲዋን አንስታ ወጣች።

ወሬው እስከ እሁድ አልቆየም። ሴቶቹ ሲጠይቋት «አዎ፣ የራሴ ነው» አለቻቸው። ከመዘምራን ወጣች፤ ቆይታም ቸርቹን ተወች። እኔ ደግሞ «አላልኳችሁም?» እያልኩ ዞርኩ።

ከወር በኋላ አባትየው በከዘራ እያነከሱ መጡ። ሱቁ ባዶ እስኪሆን ቺፕስ ሲያገላብጡ ቆይተው ጠጋ አሉና የሲጋራውን መደርደሪያ በአገጫቸው አሳዩኝ። ክው አልኩ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ጥፋቱን በራሷ ላይ መውሰዷን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ልተወው ብዬ ስንቴ ጾምኩ መሰለህ። አደራ፣ እንዳትናገር።»

ለእሳቸው መሸጥን ሕጉ አይከለክልም። ሸጥኩላቸው።

ሕጉን አላማርርም። ዛሬም አይዲ ሳላይ አልሸጥም፤ ልክ ነው ብዬም አምናለሁ። ነገር ግን ያዘዘኝ እንዳልሸጥ ብቻ ነበር። ስድቡን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ውጭ ነዳጅ ስትቀዳ አየኋት። ጃኬት እንኳ ሳልደርብ በዝናብ ሮጬ ወጣሁ።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እሁድ ተነሥቼ በሁሉም ፊት እናገራለሁ።»

«ምን ብለው?»

«ሲጋራው ያንቺ እንዳልነበረ።»

«ታዲያ የማን ነው ሲሉዎትስ?»

የነዳጁን ክዳን አጥብቃ ዘጋች።

«ይቅርታውን ተቀብያለሁ ጋሼ። እሁድ ግን ምንም እንዳይሉ» ብላ ሄደች።

ምንም አላልኩም። ቃሏን ለማክበር ይሁን ፈርቼ፣ እውነቱን ለመናገር ለይቼ አላውቀውም። እነዚያ ሴቶች አሁንም ለጠፋችው እህታችን እንጸልይ ይላሉ። አባቷ ጸሎቱን ይመራሉ፤ እኔም አብሬ አሜን እላለሁ።