የማትነዳዋ መኪና ባትሪ

ወንድይፍራው ብለው ስም ያወጡለት ሰዎች ምን አስበው እንደነበር እግዜር ይወቀው። ከአየር ጤና እስከ ኮልፌ እንደሱ ያለ ፈሪ አልነበረም። ውሻ ሲያይ መንገድ ይቀይራል፤ ነጎድጓድ ሲሰማ ብርድ ልብስ ይከናነባል። የኮረንቲውንማ አታንሱት! ሃያ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ ኖሮ ዛሬም አንዲት ሽቦ ከመንካቱ በፊት ሦስቴ ነው የሚያረጋግጠው። ሰው ይስቅበታል፤ መኪናውን ግን የሚያመጣው ለሱ ነው። ደፋሮቹ ያቃጠሉትን ሲጠግን የኖረ እሱ ነዋ!

ዘመኑ ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው። ያን ጊዜ ያልፈራ ሰው ካለ ነገሩ ያልገባው ብቻ ነው። ዛሬ አሰሳ ነው፣ ነገ እከሌ ተወሰደ ነው፣ ከነገ ወዲያ የእከሌ እናት እንዳታለቅስ ተከለከለች ነው። ወንድይፍራው ሥራውን ይሠራል፣ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ይገባል፣ ለሚስቱ ለወርቄ እንኳ ቀኑን ምን እንዳየ አይነግራትም።

ኅዳር ላይ ጋሼ መኳንንት ወደ ሱቁ መጡ። በመንግሥት መድኃኒት ቤት የሚሠሩ፣ ወንድማቸው ከታሰረ ወዲህ ኮልፌ ብቻቸውን የሚኖሩ ጭምት ሰው ናቸው። ጭምት ሰው ምን ነክቶት ቀይ የስፖርት መኪና እንደሚገዛ እኔ አላውቅም። በደጉ ጊዜ ወደ አገሩ ከሚመለስ እንግሊዝ ላይ ነው የገዟት፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ ዝቅ ያለች ነገር። አሁን ቤንዚን በኩፖን ሆኗል፤ በዚያ ላይ በዚህ ዘመን በቀይ መኪና ሽር ማለት ኑና እሰሩኝ ብሎ መለፈፍ ነው። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። በቆመች ቁጥር ደግሞ ባትሪዋ ይሞታል።

"ባትሪዋን የሚጠብቅልኝ ነገር ፈልግልኝ፣ ሁልጊዜ እንደሞላ ይቆይ" አሉት።

"መቼም አይነዷት ጋሼ። ባትሪውን ነቅለን ብናስቀምጠውስ?"

"አይሆንም። እንደተገጠመ ይቆይ።"

ወንድይፍራው የሰው ነገር መጠየቅ ስለሚፈራ ለምን አላለም። ሱቁ ውስጥ ሁለት ቻርጀር አለው። ትልቁ የሞተ የጭነት መኪና ባትሪ በአንድ ቀን የሚያስነሳ ነው። እሱን በቆመች መኪና ላይ ሰክቶ መርሳት ባትሪውን እንደ ሽሮ ማንተክተክ ነው፤ ውሃው ያልቃል፣ ጋዙ ጋራዡን ይሞላል፣ አንዲት ብልጭታ ከተገኘች ደግሞ አለቀ። ትንሹ ለሞተር ሳይክል ባትሪ የተሠራ፣ አንድ ዳቦ የሚያክል ሳጥን ነው። ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ባትሪው ቆሞ ያጣውን ብቻ ቀስ እያለ ይመልስለታል። ትንሹን መረጠ። እሱም አላስተኛው ሲል ቀይ አምፖል በመሃል ጨመረበት፤ ባትሪው ሲሞላ አምፖሏ ደከም ትላለች፣ ያን ጊዜ መንቀል ነው።

ሲያገናኘውም እንደልማዱ እየፈራ ነው። ደፋር ቢሆን ቀዩን ሽቦ ከባትሪው፣ ጥቁሩን ከመኪናዋ ብረት አስሮ ይሄድ ነበር፤ የለመዳቸው የጣሊያን መኪናዎች እንደዚያ ናቸውና። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ምልክቶቹን አየ። የእንግሊዟ ለካ ተገላቢጦሽ ነች፤ ከብረቷ ጋር የታሰረው ፖዘቲቩ ነው! "ቢያመልጠኝ ኖሮስ?" እያለ ላቡን ጠረገ። ፖዘቲቩን ከፖዘቲቩ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቩ አሰረ፤ የባትሪውን ክዳኖች አላላ፣ ሳጥኑን ራቅ አድርጎ በርጩማ ላይ አስቀመጠ፣ ከግድግዳው ጋር የሰካው ከሁሉም በኋላ ነው። ሳጥኑ እዝዝ አለ፣ ቀዩዋ በራች። ጋሼ መኳንንት እንዳይሳሳቱ ብሎ ደግሞ ወረቀት ለጠፈበት፦ "ሐሙስ ይሰካ። ቀዩ ሲደክም ይነቀል። ሌላ ሰው እንዳይነካው። ወንድይፍራው፣ አየር ጤና።"

አይ ወንድይፍራው! በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወረቀት ከነስሙ!

የካቲት ላይ፣ በአንዱ ሐሙስ ጠዋት፣ ሦስት የታጠቁ የቀበሌ ጥበቃዎች ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ከፊት የቆመው መሪያቸው ነገሬ ነው፤ ከአብዮቱ በፊት የከባድ መኪና ረዳት ነበር።

"ወንድይፍራው ማነው?"

ሌላ ስም ሊል አፉን ከፈተ፤ የሚለው ስም ጠፋው። "እኔ ነኝ ጓድ።"

"ቅደም!"

እግሩ እንዴት ኮልፌ እንዳደረሰው አያውቀውም። ጋራዡ ውስጥ ጋሼ መኳንንት እጃቸው የኋሊት ታስሮ ቆመዋል። ሸራው ተገፍፏል። ያቺ ሳጥን ግን ቀዩዋን አብርታ እዝዝ ትላለች።

"ሐሙስ የሚሰማው ማነው?" አለ ነገሬ ከሳጥኑ የገነጠለውን ወረቀት እያሳየው።

"ምኑን ጓድ?"

"ሬድዮኑን ነዋ! ቀዩ ሲደክም ማለት ምን ማለት ነው? እኛ ስንደክም ነው?"

"በወርቄ ሞት! ቻርጀር ነው። ባትሪ መጠበቂያ ነው፤ ሌላ ምንም አያውቅም ሳጥኑ።" ወንድይፍራው ነገሬን በአሥር ዓመት ይበልጠዋል፤ ግን አንቱ ሊለው ምንም አልቀረው።

ነገሬ ሳጥኑን በጠመንጃው አፍ ነካ አደረገው። "እኔ ስድስት ዓመት ረዳት ነበርኩ፣ አታታልለኝም። ይሄን ያህል የቆመ መኪና አይነሳም። ያንተ ቻርጀር ቻርጀር ከሆነ አሁኑኑ ትነሳለች። ካልተነሳች ሬድዮ ነው፤ ሁለታችሁም አልቃችኋል።"

የወንድይፍራው ነፍስ መለስ አለች። ትነሳለች! እንዴት አትነሳም? በገዛ እጁ የሠራው ነው። ኮፈኑን ሊከፍት ፈጠን ሲል ግን ቀጄላ የሚባለው ጥበቃ ለነገሬ ሲናገር ሰማው።

"ጓድ፣ ከተነሳችማ ሰውየው ሊሸሽ ያዘጋጃት ነው እኮ።"

"እሱማ ምን ይጠየቃል። ኤሌክትሪሺያኑን እንለቀዋለን፤ ይሄኛውን ግን ዛሬውኑ እናሰናብተዋለን" አለ ነገሬ። በምን እንደሚያሰናብታቸው ማንም አልጠየቀውም።

ወንድይፍራው የኮፈኑን ከንፈር እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ብትነሳ እሱ ወደ ወርቄ ይሄዳል፣ ጋሼ መኳንንት ይሞታሉ። ባትነሳ ሁለቱም ይሞታሉ። እናቴ ምን ብለሽ ወለድሽኝ አለ በልቡ። ጋሼ መኳንንት አንዴ ቀና ብለው አዩትና ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። አልለመኑትም፤ ይሄ ነው የባሰበት።

ጎንበስ አለ። ሃያ ዓመት የሠራ እጅ መንገዱን ያውቃል። ለሞተሩ እሳት የሚያከፋፍለውን ክዳን ከነመያዣው ከፈተ። መያዣው ቋ አለ።

"ምንድነው የምትነካካው?"

"የባትሪውን ማሰሪያ እያጠበቅኩ ነው ጓድ።"

ከክዳኑ ውስጥ አውራ ጣት የምታክል ቁራጭ አለች፤ እሷ ከሌለች ካንዴላዎቹ እሳት አያገኙም፣ ሞተር አይነሳም። ነቀላት፣ የዘይት ጨርቁ ውስጥ ጠቀለላት፣ ክዳኑን መለሰ። የነገሬ ረዳትነት በናፍጣ መኪና ላይ ነው፣ ናፍጣ መኪና ደግሞ ካንዴላ የለውም፤ የወንድይፍራው ተስፋ እሷው ብቻ ነበረች።

ነገሬ ራሱ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተር የሚቀሰቅሰው ሞተሪኖ በሙሉ ጉልበቱ ዊር፣ ዊር፣ ዊር አለ። ደገመው። ዊር፣ ዊር፣ ዊር። ሞተሩ ወይ ፍንክች!

"ባትሪውስ ሞልቷል" አለ ነገሬ ተናዶ። "ታዲያ ምን ሆና ነው?"

"ሞተሯ ነዋ ጓድ!" የራሱ ድምፅ ከሩቅ ተሰማው። "ቻርጀር ባትሪ እንጂ ሞተር አያድን። ይቺ ጌጥ ነች እንጂ መኪና ነች? እንኳን ልትሸሽ አየር ጤናም አታደርስ።"

ቀጄላ ሳቀ። ነገሬ ወርዶ ሞተሩን ጎንበስ ብሎ አየው፤ ክዳኑን በጣቱ ቆረቆረው። ወንድይፍራው ጨርቁን ጨምቆ ያዘ፤ ሱሪው ውስጥ ሞቅ ያለ ነገር ወረደ። አዎ፣ ሸናበት። እስቲ አንተ ብትሆን!

"ፍቱት" አለ ነገሬ በመጨረሻ። ሳጥኑን ለቀበሌው ባትሪ ይሆናል ብለው ይዘውት ሄዱ።

ድምፃቸው ከራቀ በኋላ ወንድይፍራው ጨርቁን ፈታ። ጋሼ መኳንንት ያቺን ቁራጭ አይተው በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። "መልሰህ ግጠማት" አሉ።

"ለምን ጋሼ?"

"ቅዳሜ ልሄድ ነበር። አሁን ግን ቅዳሜን አልጠብቅም።"

ወንድይፍራው ቁራጯን መልሶ ጨርቁ ውስጥ ጠቀለላት። ቀጄላ እውነቱን ነበር ለካ! መኪናዋ መንገድ ላይ ብትያዝ "አትነሳም ያለው ማነው?" ሊባል ነው። ወርቄ ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት።

"አልገጥምም" አለ። "ይገሥጹኝ፣ ይርገሙኝ፣ አልገጥምም። ደግሞስ በዚህ ቀይ መኪና የመጀመሪያውን ኬላ ያልፋሉ? የመሥሪያ ቤት የይለፍ ወረቀት አልዎት?"

"ለመድኃኒት ሥራ ጅማ የሚል አለኝ።"

"እንግዲያው ምን ሆነው ነው መኪና መኪና የሚሉት! እኔ ፈሪ ነኝ ጋሼ። ፈሪ የሚሄደው በአውቶቡስ ነው።"

ጋሼ መኳንንት መኪናዋን ብዙ አዩዋት። ከዚያ ተነሥተው ጋቢያቸውን ለመፈለግ ወደ ቤት ገቡ።

በዚያው ቀን የጅማው አውቶቡስ በወንድይፍራው ሱቅ ፊት አለፈ። ወንድይፍራው በአውቶቡሱ መስኮት አንድ ጋቢ የተከናነቡ ሰው አየ። አልተጠራሩም። ያቺን ቁራጭ ጉድጓድ መጸዳጃ ውስጥ ጣላት።

ቅዳሜ ነገሬ መጣ። ወንድይፍራው የያዘውን ሽቦ አስቀመጠ።

"ሰውዬህ ከትላንት ጀምሮ ሥራ አልገባም፣ ቤቱም የለም" አለው። "መኪናዋስ እንደዚያው ነች?"

"ባለችበት ነች ጓድ።"

"አይቻታለሁ፤ ቁልፏንም ሞክሬያለሁ። እሷን ጥሎማ የትም አይሄድ፤ ስንትና ስንት ተንከባክቧታል። ይመለሳል። ቀጄላን በሯ ላይ አስቀምጬበታለሁ።"

"እውነትህን ነው" አለ ወንድይፍራው።

ቀጄላም እስከ ማክሰኞ ድረስ ጠመንጃውን ታቅፎ መኪናዋን ሲጠብቅ ሰነበተ።