ለእናቴ ወንበር የተፈተኑ እንቁላሎች

አሮጌ ግራሶ ከክረምት ጭቃ ጋር ሲሸተኝ፣ የሮቤው ግቢያችንና ከዝቅተኛዋ መኪናችን ሥር የወጡት የአባቴ እግሮች ወዲያው ይታዩኛል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። አባቴ ሾፌር ሆኖ ያገለገለው ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪናውን ትቶለት ሄደ። በበጋ፣ እሁድ እሁድ፣ እናቴን አጠገቡ አስቀምጦ፣ እኔን ከወንበሩ ኋላ ባለችው ጠባብ ቦታ አጣጥፎ ወደ አጋርፋ መንገድ ያንሸራሽረን ነበር። ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ፣ «ሌላው ሰው መኪና ውስጥ ይገባል፤ ኦቦ ተስፋዬ ግን ይለብሷታል» እያሉ ይስቁ ነበር።

ክረምት ሲገባ እናቴ ታማ ጎባ ሆስፒታል ሆዷን ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ለእንቁጣጣሽ ቤቷ ለመዋል ጓጉታ ነበር፤ ሐኪሙ ግን መንገዱ ካንገጫገጫት ስፌቱ ሊለቅ እንደሚችል አስጠነቀቀን። አውቶቡስ የማይታሰብ ነበር። የእኛም መኪና የኋላ ሞላዎቿ ስለደከሙ፣ ጉድጓድ በገባች ቁጥር የመኪናዋ ሆድ ከድንጋይ ጋር ይላተም ነበር።

ለመኪናዋ የተሠራ ሞላ ባሌ ውስጥ ስላልተገኘ፣ አባቴ ከአንዲት ከተገለበጠች ትንሽ የጭነት መኪና አስፈትቶ አመጣ። መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ፣ ግንድ አስደግፎ፣ ዝናብ ጀርባውን እየመታው ሁለቱንም ለወጠ። ከዚያ ከአዴ ዘይነባ አንድ ቅርጫት እንቁላል ለምኖ በእናቴ ወንበር ላይ አኖረና እስከ ጎባ ደርሰን ተመለስን። ሞላው ለቀላሏ መኪና በጣም ጠጣር ስለነበር እንደ ፌንጣ ዘለለች፤ ቅርጫቱ ያንጠባጥብ ጀመር።

«ኦቦ ተስፋዬ፣ ለመጥበስ ከሆነ እኮ ምድጃ አለኝ» አሉ አዴ ዘይነባ።

አባቴ አልሳቀም። «እሷ ተቀምጣበት ቢሆንስ?» አላቸው።

አዴ ዘይነባ ቤት ገብተው የቀራቸውን እንቁላል ይዘው ወጡና፣ «ጭነት ይጨምሩባት። የእኔም በቅሎ የምትፈነጭብኝ ባዶዋን ስትሆን ነው» አሉት።

አባቴ ከኋላ የገብስ ጆንያ ጭኖ፣ እኔን ከላዩ አውጥቶ እንደገና ሞከረ። አንድም እንቁላል አልተሰበረም።

በበዓሉ ዋዜማ እናቴን ልናመጣት ሄድን። ከጆንያው ላይ ተጣጥፌ ስታየኝ፣ «ከወፍጮ ቤት ነው የመጣችሁት?» ብላ ልትስቅ ስትል ሆዷን ያዘች።

«አትሳቂ፣ ስፌቱ ይለቃል» አላት አባቴ።

እናቴን ሲያባብል ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ፣ ገበሬዎች በእግራቸው እየቀደሙን፣ ደኅና አድርጎ ቤቷ አገባት። በማግስቱ ዶሮ ወጡ ውስጥ የገቡት እነዚያው እንቁላሎች ነበሩ።

ትምህርት ቤት ሳልገባ ማንበብን በራሴ የተማርኩ ሰው በመሆኔ፣ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ምክር ልጆቼ ላይ አበዛለሁ። ሰውን መውደድ በሥራ እንጂ በወሬ አይደለም እላቸዋለሁ፤ ይህን ያየሁት ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገብስ ጆንያ ላይ ሆኜ ነው። ዛሬ የሮቤና የጎባ መንገድ አስፋልት ሆኗል። ልጆቼ፣ «አባዬ፣ መንገዱ እኮ ደልዳላ ነው፣ ንዳው» ይሉኛል። እናታቸው አጠገቤ ስትቀመጥ ግን እግሬ በራሱ ጊዜ ከነዳጅ መስጫው ላይ ይላላል።