በአቡጀዲ የተጠቀለለው ስፖንጅ

የመኪና ወንበር መስፋት ከጀመርኩ ወዲህ ሥራ ጠልቼ አላውቅም። ያን ወንበር ግን ጠላሁት። ከሚሴ አስፋልቱ ዳር ካለችው ሱቄ በር ላይ በጋሪ ሲያወርዱት ገና ዐወቅሁት፤ የጎረቤቴ የሽማግሌው ጭነት መኪና ወንበር ነው። መኪናው በዕድሜ እኔን ይበልጣል፤ ወንበሩም ከበር እስከ በር አንድ ወጥ ነው። ልጃቸው ከጨፋ ሮቢት እህል ጭኖ ሲመለስ በጥይት የተመታው እዚያው ላይ ተቀምጦ ነበር። ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ የሚነግረን የለም። መኪናው ከአንድ መስታወት በቀር ምንም አልሆነም፤ እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

ሽማግሌው ራሳቸው ሊነዱ ቆርጠዋል። ሟቹ የተዋትን ትንሽ ልጅ የሚያሳድጉት በዚያ መኪና ነው፤ ሌላ ምን አላቸው? ባለቤታቸው ግን የእኔ ሰው ሁለተኛ እዚያ ላይ አይቀመጥም ብለው ምለዋል። ስለዚህ ሴትዮዋ ቢያዩት እንዳያውቁት፣ መልኩን ለውጬ እንድሰፋው ሽማግሌው ለመኑኝ። ሐዘንተኛን እምቢ ይሉታል እንዴ?

ቆዳውን ስገፍፈው ደሙ ስፖንጁን አልፎ ከሥሩ ያለው ሞላ ድረስ ወርዷል። ሞላውን ፈትጌ ቀለም ቀባሁት። አሮጌ ስፖንጅ ግን ከሱቁ ጀርባ ይቃጠላል፤ ልማዴ ነው። ክብሪት ሳወጣ ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። የልጄ ደም እንደ ቆሻሻ አይቃጠልም፣ ገላው ነው አሉ። ለካ ሼኹንም ጠይቀው፣ ቅበሩት ተብለዋል። በማዳበሪያ ከረጢት ልክተተው ብል ተቆጡኝና ለመገነዣ አቡጀዲ ገዝተው መጡ።

ስህተታችን ይኸው ነበር። በእኛ አገር ጀናዛ ሊቀበር ሲያልፍ ያየ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ ሥራውን ጥሎ ይከተላል፣ አላህ የሚከፍለው አጅር አለው። ሽማግሌው ነጩን ጥቅል እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ እኔ አካፋ ይዤ ስንወጣ መጀመሪያ አንድ ባለባጃጅ ወርዶ ተከተለን። ከዚያ ሻይ ቤት የነበሩት ተነሡ። ኧረ ተመለሱ፣ ሰው አይደለም ብል ማን ሊሰማኝ። የልጃቸው መቃብር ጋ ስንደርስ ከኋላችን መንገዱ ሞልቷል።

ወሬው ቀድሞን ቤታቸው ገብቷል። ባለቤታቸው የልጅ ልጃቸው የሞተች መስሏቸው፣ ሻሻቸው ወድቆ እየሮጡ ደረሱ። «ኤኙ? ማነው?» ይላሉ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም። ሴት መቃብር አትመጣም ብሎ የሚመልሳቸው አልተገኘም። ሽማግሌው ጥቅሉን ዘረጉላቸው፤ እውነቱን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ተቀብለው ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት። እኔም እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም። ጉድጓዱ ውስጥ ያኖሩትም ራሳቸው ናቸው።

አፈሩን መልሰን ስንጨርስ ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወንበሩን ስፋው» አሉኝ። «ከእንግዲህ የእኔ ሰው ሲነዳ አብሬው ነው የምሄደው። ጥይቱ ከመጣም ለሁለታችን ይምጣ።»

ልጅቷስ አልኳቸው።

«አንተ አለህ አይደል?»

ወንበሩን ሰፋሁት፤ ቡናማ ቆዳ አለበስኩት፣ አማረም። አሁን ሁለቱ ሰንበቴ ከተማ ለገበያ ሲሄዱ ልጅቷ እኔ ሱቅ ትውላለች። መኪናው በዘገየ ቁጥር አያቶቼ ይመጣሉ ወይ ትለኛለች። ኢንሻ አላህ ይመጣሉ እላታለሁ፤ ዓይኗን ግን ማየት አልችልም።