ያልተዋጠው ክኒን

የሐርቡዋ ቀመር የምትሠራው ሳውዲ፣ ኮበር ከተማ፣ አል ዐዚዚያ ሰፈር፣ አንድ ሀብታም ቤት ነው። መጋረጃ ልታወርድ ከወጣችበት መሰላል ወድቃ የቀኝ ትከሻዋ ጅማት ተበጠሰ። አሠሪዋ ማዳም፣ ሐቁን ለመናገር፣ አልጨከነችባትም፤ ደማም ሆስፒታል ወስዳ ኦፕራሲዮን አስደረገቻት።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ነርሷ ማስታገሻ ሊታዘዝላት ሲል ጠየቀቻት፤ «የጉበት ሙሽኪላ፣ ችግር፣ አለብሽ?»

አለባት እንጂ። በልጅነቷ ቦርከና ወንዝ ስትንቦጫረቅ የያዛት ቢልሃርዚያ ጉበቷን ጎድቶታል። ለእረፍት አገሯ ስትገባ ያያት ሐኪም «ማንኛውንም ማስታገሻ ስለ ጉበትሽ ሳትናገሪ እንዳትውጪ» ብሏታል። ግን ማዳም አልጋው አጠገብ ቆማለች፤ ጆሮዋ ቀመር አፍ ላይ ነው። ጓደኛዋ ጀነት እንዲሁ «ጉበቴን» ባለች በሳምንቷ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ተመትቶባት ወደ አገሯ ተሸኝታለች። በሽታው በሳህን አይተላለፍም ብሎ ለካፊል፣ ለአሠሪ፣ ማን ያስረዳል? ቀመር ደግሞ ኮምቦልቻ የምታስተምራት ልጅ አለቻት።

«ማፊ» አለች፤ የለብኝም ማለቷ ነው።

በዚህች ቃል ነው ጉድ የሆነችው። ዶክተሩ ቢነገረው መጠኑን ቀንሶ፣ ወይ ቀይሮ ባዘዘላት ነበር። ማዳምን ወጣ በይ ብለው ብቻዋን ቢጠይቋትስ ምን ነበረበት? አሁን ግን የሙሉ ጤነኛ መድኃኒት ታዘዘላት። ብትውጠው ለጉበቷ ፈራች፣ ባትውጠው ትከሻዋ አላስቆም አላስቀምጥ አላት። ጉበቷን መረጠች።

ማዳም ፊት ክኒኑን አፏ ውስጥ ታደርግና ዞር ስትል ታወጣዋለች። በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ ታስራለች፤ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ታሸልባለች። ሕመሙ እስከ ጣቷ ጫፍ ይወርዳል። ሆድ ይፍጀው ብላ በግራ እጇ አቧራ ትወለውላለች። ማዳምማ ለእህቶቿ «ጠንካራ ናት» እያለች ታወራላት ነበር።

አንድ ጠዋት ማዳም የጠፋባትን ቻርጀር ስትፈልግ የቀመርን ፍራሽ ብታነሳ ክኒኑን ተጠራቅሞ አገኘችው። ምን አለ ሽንት ቤት ብትጥለው ኖሮ! መድኃኒት መጣል ሐራም መስሏት ይሆናል፣ እንጃላት።

«ለምን አልዋጥሽውም?»

እውነቱን ብትናገር አገር ቤት መግባቷ ነው።

«አላመመኝም፣ ማዳም።»

«ኸላስ፣ በቃ፤ ካላመመሽማ» አለች ማዳም፣ ተቆጥታ እንኳ አይደለም። ክንዷን የያዘውን ማንጠልጠያ በራሷ እጅ ፈታችላት። እንግዶች ስለሚመጡ የሳሎኑ ምንጣፍ ወጥቶ ይራገፍ ተባለ።

ቀመር ምንጣፉን ጠቅልላ ብድግ ስታደርገው የተሰፋው ጅማት ሲላቀቅ ተሰማት። ዓይኗ ጨለመባት። ማዳም በሩ ላይ ቆማ ታያለች። አላመመኝም ያለች ሴት እንግዲህ ምን ብላ ትጩህ?