የተቀየረው መስታወት

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር የተከራየሁት ክፍል ያረጀ የሸክላ ቤት ውስጥ ነበር። አጠገባችን ለፎቅ የሚሆን ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ከመስኮቴ ማዕዘን ጀምሮ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ተቋራጩ መሐንዲስ ላከልን። የአገራችን ሰው ነው፤ እዚሁ ካርቱም ያደገ፣ አማርኛው ዐረብኛ የበዛበት። በግቢው የነበርነው ተከራዮች ሁላችንም ሐበሾች ነበርንና ደስ አለን።

ስንጥቁ ላይ ቀጭን መስታወት አጋድሞ ሁለቱን ጫፍ በጄሶ አጣበቀው።

«ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መጀመሪያ የሚሰበረው ይሄ ነው» አለኝ። «እሱ ደህና ከሆነ፣ ኻላስ፣ በቃ ተኝተሽ እደሪ።»

በየሳምንቱ እየመጣ ከመንገዱ ማዶ ባለሦስት እግር መሣሪያውን ይተክልና ግድግዳችን ላይ ወደለጠፋት ምልክት ያነጣጥራል። ቤቱ ማዝመም አለማዝመሙን የሚያውቀው በዚያ ነው። ሲጨርስ ሻይ አቀርብለታለሁ። ፍልሰታ ከገባች ወዲህማ ሽሮ አብሮን ይበላ ነበር።

«እንዴት ነው ቤቱ?» ስለው፣ «ተማም፣ ንቅንቅ አላለም» ይለኛል። እኔም ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ መስታወቱን አያለሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጄሶው እርጥብ ነው። ደውዬ ጠየቅሁት።

«አቧራ ለብሶ ነበር፤ ቀየርኩት» አለኝ። አመንኩት።

በማግስቱ የጎን ክፍል ጎረቤቴ፣ የወሎ ሴት ናት፣ ልብስ እያሰጣች «ያ መስታወት ተሰብሮ ኖሯል እኮ» አለችኝ። «ስብርባሪውን ለቅሞ በፌስታል ሲይዝ አየሁት። አልነገረሽም?»

በቀጥታ ወደ ቁፋሮው ሄድኩ። መሐንዲሱ እዚያ ነበር፤ እንዳየኝ ገባው።

«ተሰብሮ ነበር?»

«መሣሪያውም ማዝመሙን አሳይቷል» አለ አቀርቅሮ። «ለአለቆቼ ተናግሬአለሁ። ሰዉ ከተሸበረ ሥራው ይቆማል፣ አረጋጋቸው አሉኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

«ጾሙ ሲገባ።»

«አንተን የላኩህ በቋንቋችን እንድታባብለን ነው?»

ጥዬው ወደ ግቢያችን ተመለስኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት ለጎረቤቶቼ ሁሉ ነግሬ ፍራሻችንን ተሸክመን ወጣን። እኔ አል-ሳሃፋ ሰፈር ዘመዴ ዘንድ ገባሁ። ብዙም ሳይቆይ ከባድ ዝናብ ጣለና ግድግዳው አልጋዬ ላይ ተደረመሰ። ማንም አልተጎዳም።

መሐንዲሱ ወሬውን ሰምቶ አል-ሳሃፋ ድረስ መጣ። በር ላይ ቆሞ «ማሌሽ» አለኝ፤ ሰው በመንገድ ትከሻ ነክቶ ሲያልፍ ይቅርታ እንደሚለው። ግባ አላልኩትም። አልጋውስ እንጨት ነው፣ ሌላ ይገኛል። የሚያንገበግበኝ እያወቀ ከማዕዳችን መጉረሱ ነው።