የሌዎንቲን ላሞች እና «ፖሴዴ» የሚባለው ቃል

በፈረንሳይ ገጠር፣ ሌዎንቲን ገበሬው ፊርማን ቤት የገባችው በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ላሞቹን ስታልብ፣ አይብ ስትሠራ፣ ድርቆሽ ስትከምር ኖረች። አልተጋቡም። ነገሩ በተነሳ ቁጥር ፊርማን ይስቃል፤ «ወረቀት ለማይተማመን ሰው ነው!» ይላታል። እሷም አብራው ትስቃለች።

በሰኔ ወር መስኩን እያጨደ ሳለ፣ ትራክተሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ።

ከቀብሩ በኋላ ውርሱን የሚያጣራው ውል አዋዋይ አስጠራት። የፊርማን የወንድም ልጅ ሬሚም ከሊዮን መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ማዳም፣ ፖሴዴ የሚያደርጉት ምን አለ?» አላት ውል አዋዋዩ።

«አሥራ አራት ላሞች አሉኝ። ቤቱ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ያለው መስክም አለ።»

«አለኝ ማለትና ፖሴዴ ማለት ይለያያሉ።»

እውነቱን ነው። በአገሩ ቋንቋ ራቡም፣ ብርዱም፣ ዕድሜውም «አለኝ» ይባላል። ፖሴዴ ግን የባለቤት ቃል ነው፤ ወረቀት ይጠይቃል። ቤቱም መስኩም፣ የላሞቹ መታወቂያ ሳይቀር፣ በፊርማን ስም ነበር። ኑዛዜ አልተገኘም።

«ላሟን ማርኪዝን እናቷ ስትሞት በጡጦ ያሳደግኋት እኔ ነኝ እኮ፣ ጌታዬ።»

ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አምንዎታለሁ ማዳም። የእኔ ማመን ግን አይጠቅምዎትም።»

ሬሚ ክፉ ልጅ አልነበረም። «አክስቴ፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ተቀመጪ» አላት አቀርቅሮ። «እኔ እርሻ አላውቅም፤ መሸጤ ነው።»

ጎረቤቷ ማርስሊን ይህን ስትሰማ ጠረጴዛውን መታች። «ፖሴዴ አደረገሽ በያ!» በመንደርተኛው አፍ ቃሉ መሸወድም ነው።

«ተይ፣ ሙት አይሰደብም። ይወደኝ ነበር።»

«መች አይወድሽም አልኩ? ለመፈረም ሰነፈ እንጂ!»



በመስከረም ማብቂያ ላሞቹን ከሬሚ የገዛው ከብት ነጋዴ መኪናውን ይዞ መጣ። ቢጮህ፣ ቢገፋ፣ ላሞቹ ከበረቱ ጥግ ንቅንቅ አልል አሉ። ቢቸግረው ቆቡን አውልቆ ወደ ማድ ቤቷ በር መጣ።

«ማዳም፣ አይቀየሙኝና… እርስዎ ቢጠሯቸው?»

እምቢ ልትል አፏን ከፈተች። ከነጋዴው ኋላ ረዳቱ ወፍራም ዱላ ይዞ ወደ በረቱ ሲገባ አየች።

«ዱላውን ጣለው!» አለች።

ወጥታ መኪናው አጠገብ ቆመች፤ አንድ በአንድ በየስማቸው ጠራቻቸው። አሥራ አራቱም ድምፅዋን ሰምተው፣ ሳይገፈተሩ መኪናው ላይ ወጡ።